ፀሐይ የበላውን የአያቴን ቀንድ ያሳደስኩባቸው ሁለት ቤቶች

ዘንድሮ ከዴንቨር አገር ቤት ስገባ ከዘመድ ጥየቃ ሌላ አንድ ጉዳይ ነበረኝ። ደሴ ያለው የአያቴ ቤት ሳሎን ውስጥ የራያ በሬ ቀንድ ተሰቅሏል። የራያ ከብት በቀንዱ ርዝመት የታወቀ ነው፣ ይሄኛውም ግድግዳውን ይሞላዋል። ከሥሩ የቀንድ ዋንጫዎች ይደረደራሉ። ቀንዱ መስኮት ፊት ለፊት ስለሆነ ለዓመታት ፀሐይ በላው። ድሮ ሥሩ ቡናማ፣ ጫፉ ድቅድቅ ጥቁር ነበር። አሁን ግራጫ ሆኗል፣ ላዩ ይላጣል፣ ሲነኩት ነጭ ብናኝ ይለቃል። ዋንጫዎቹም ጠላ ካዩ ስንት ዘመናቸው፣ ደርቀው አንዱ አፉ ላይ ተሰንጥቋል።

መጀመሪያ የወሰድኩት እዚያው ከተማ ወዳለ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ልጆቹ ትሁቶች ናቸው፣ በቀጠሯቸውም አደረሱ። ሥራቸው ግን አሳዘነኝ። ለሙከራ የሰጠኋቸውን ዋንጫ ቡናማ ቀለም ቀብተው በላዩ ቫርኒሽ ደረቡበት። ያብረቀርቃል፣ አዎ። ግን የቀንዱ መስመሮች የሉም፤ ወደ ብርሃን ሲያነሱት ይታይ የነበረው ማር የመሰለ መልክም ጠፍቷል። ደግሞ ዋንጫ እኮ ከንፈር የሚነካው ዕቃ ነው፣ የቁም ሳጥን ቫርኒሽ እዚያ ላይ ምን ይሠራል? ስነግራቸው «ለጌጥ መስሎን ነው» አሉ፣ ገንዘቡን ግን አልመለሱም። ሌላውን ሳላስነካ ይዤ ወጣሁ።

ሁለተኛውን ባለሙያ ያገኘሁት አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና አካባቢ የባህል ዕቃ የሚሸጡትን እየጠየቅኩ ነው። ጋሼ ፒያሳ ይሠሩ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ሌላ ሰፈር ትንሽ ቤት ተከራይተዋል። ቀንዱን ተቀበሉኝና ወዲያው ስለ ዋጋ አላወሩም። በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት፣ ውስጡን በባትሪ አዩ፣ ሥሩ ላይ ብል የበላውን ቀዳዳ አሳዩኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ቀለሙ ከውስጥ አለ፤ የሞተው ላዩ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እውነት ነው። ቀንድ የተሠራው ፀጉርና ጥፍር ከተሠሩበት ከኬራቲን ነው፣ ያውም በስስ በስሱ ተነባብሮ። ፀሐይና ድርቀት የላይኞቹን ንብርብሮች ሲሰነጣጥቋቸው በመካከል አየር ይገባል፣ ያኔ ከሥር ያለው ቀለም ተሸፍኖ ነጣ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ቀለም መቀባት ሳይሆን የሞተውን አንስቶ የደረቀውን ማጠጣት ነው የሚያስፈልገው።

ጋሼ ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና ጠረጉት፣ አልዘፈዘፉትም፤ ውሃ የጠጣ ቀንድ ያብጥና ይላቀቃል። ጥላ ላይ አደረቁት። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ጀምረው እስከ ልስልሱ፣ የመጨረሻውን በውሃ እያረጠቡ። ከዚያ የተልባ ዘይት በጨርቅ በስሱ ያሻሉ፣ ያሳድሩታል፣ ይወለውላሉ፣ ይደግማሉ። ዋንጫዎቹን በንጹሕ የተልባ ዘይትና በንብ ሰም ብቻ ነው የጨረሷቸው። ቫርኒሽ የተቀባውንም ፍቀው ፍቀው አወጡልኝ። አንድ የወደድኩላቸው ነገር፣ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልለው አይጥሉም፣ ገመድ ላይ ዘርግተው ያደርቁታል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተከምሮ ከተተወ ራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፣ ቤታችሁ የምትሞክሩ ይህን አትርሱ።

ውጤቱ? ጥቁሩ ተመልሷል፣ ቡናማውም ከነመስመሩ ወጥቷል። መስኮቱን ያይ የነበረው ጎን አሁንም ፈዘዝ ይላል። ቀለም ልንካው ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ አይንኩት አልኩ። የተሰነጠቀውን ዋንጫ ደግሞ «መጠጥ አይዝም፣ አልዋሽሽም» ብለው ሳያስከፍሉኝ አሳምረው ሰጡኝ። ለጠቅላላው የከፈልኩት አንድ ደህና ጫማ ከሚገዛበት ያነሰ ነው። ቅሬታዬ ቀጠሮ ነው፣ ስልክ አያነሱም፣ ቀኑም ተገፋ። ወደ በረራችሁ ቀን አስጠግታችሁ አትውሰዱላቸው።

ኮሎራዶ ላላችሁና የኤልክ (የአሜሪካው ትልቅ አጋዘን) ቀንድ ለምትሰበስቡ፣ ይሄ ዘዴ ለዚያ አይሠራም። የኤልክ ቀንድ በየዓመቱ የሚረግፍ አጥንት ነው፣ ሜዳ ላይ ሲሰነብት በእርግጥም ይነጣል፣ ዘይት ብቻውን አይመልሰውም። እዚያ የሚያቀልሙት ፖታሲየም ፐርማንጋኔት በሚባል፣ በውሃ በቀጠነ ኬሚካል ነው፤ ሲቀባ ሐምራዊ ነው፣ ቆይቶ ወደ ቡናማ ይዞራል። ጓንት አድርጉ፣ ጫፎቹንም ተዉአቸው፣ እንስሳው ራሱ እያሸ ስለሚያነጣቸው ድሮም ነጫጭ ናቸው።

ዋንጫዎቹ ያረጁ ስለሆኑ ከመውጣቴ በፊት ለቅርስ ባለሥልጣን አሳይቼ ማረጋገጫ ይዣለሁ። እናንተም ይህን ለመጨረሻው ቀን አታቆዩት። የዋልያ ወይም የደጋ አጋዘን ቀንድ ግን ከቤተሰብ የወረሳችሁት እንኳ ቢሆን የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ሳትጠይቁ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ።

የበሬው ቀንድ ደሴ ተመልሶ ፀሐይ የማይደርስበት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ደሴ ወይ ወልድያ ውስጥ ቀንድ በእጁ የሚሠራ ባለሙያ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ፣ አክስቴ ቤት ገና ያልተነኩ ዋንጫዎች አሉ።