መረጃ መከልከል፦ የአሜሪካ ሕግ ይሻላል ወይስ የኛ?

የአሜሪካውን የመረጃ ነፃነት ሕግ (FOIA) ፕሬዝዳንት ጆንሰን በ1966 እ.ኤ.አ. ፈረሙት፣ መንግስት መረጃ የሚከለክልባቸው 9 ምክንያቶች አሉት፣ ብሔራዊ ደህንነት፣ የንግድ ሚስጥር፣ የሰው ግላዊ ጉዳይ ወዘተ። እኔን የሚያናድደኝ 5ኛው ነው፣ "የውስጥ ምክክር ነው" ብለው ስንት ነገር ይደብቁበታል፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል ግን 25 ዓመት የሞላው ሰነድ በዚህ ሰበብ አይከለከልም ተባለ፣ ትልቅ ነገር ነው።

የኛው የመረጃ ነፃነት አዋጅ 590/2000 ደሞ የካቢኔ ሰነድ ምናምን ይከለክላል፣ ግን የህዝብ ጥቅሙ ከጉዳቱ ከበለጠ መረጃው ይሰጥ ይላል፣ እንዲህ አይነት ለሁሉም የሚሰራ አንቀጽ የአሜሪካው የለውም፣ ስለዚህ ወረቀት ላይ የኛው ይበልጣል ባይ ነኝ።

መልስ መስጫው እዛ 20 የስራ ቀን እኛ ጋ 30 ቀን፣ እሱ ብዙም አያጣላም። ዋናው ከተከለከልክ በኋላ ያለው ነው። እዛ የመስሪያ ቤቱን ይግባኝ ከጨረስክ ፍርድ ቤት ትከሳለህ፣ ለምን እንደከለከለ ማስረዳት ያለበት መስሪያ ቤቱ ነው፣ ዳኛው ከፈለገ ሰነዱን ለብቻው አይቶ ይወስናል። እኛ ጋ መጀመሪያ የመስሪያ ቤቱ ኃላፊ ጋ፣ ከዛ እንባ ጠባቂ ተቋም ጋ አቤት ትላለህ። ጥሩ አንቀጽ ይዘን የሚያስፈጽምልን ካጣን ምን ዋጋ አለው፣ ለዚህ ነው እኔ የአሜሪካውን የምመርጠው።