ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም በማንችስተር፦ ከዋንጫዎቹ ጀርባ ያለው ፋብሪካ

ማንችስተር የሚደርስ ኢትዮጵያዊ የኳስ አፍቃሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመራው ወደ ኦልድ ትራፎርድ ወይም ወደ ኢትሃድ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከሁለቱም በፊት መታየት ያለበት፣ ከቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ኧርቢስ በሚባለው የመስታወት ሕንፃ ውስጥ የሚገኘው ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም ነው፤ ስታዲየሞቹ የየክለባቸውን ድል ሲተርኩ፣ ሙዚየሙ ጨዋታው ራሱ በዚህ የፋብሪካ አገር ለምን እንዲያ እንደተስፋፋ ለመጠየቅ የሚያነሳሳ ቅርስ ይዟልና። በ2001 በፕሬስተን ከተማ ተከፍቶ በ2012 ወደ ማንችስተር ተዛውሯል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የማንችስተር ነዋሪዎች በነፃ ይገባሉ፤ ሌላው ጎብኚ ይከፍላል።

ብዙ ሰው የሚከበው በ1966 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተጫወቱበትን ኳስ ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም የበለጠው ከ1896 እስከ 1910 ለእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ ለኤፍ ኤ ካፕ፣ አሸናፊዎች ይሰጥ የነበረው ዋንጫ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው የመጀመሪያው ዋንጫ በ1895 በበርሚንግሃም ከአንድ ሱቅ መስኮት ተሰርቆ ቀርቷል። ያንን የጠፋ ዋንጫ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲቀባበሉት የነበሩት፣ በታላላቅ የግል ትምህርት ቤቶች የተማሩ የደቡብ እንግሊዝ ባለጸጎችና መኮንኖች ነበሩ። በ1883 ግን ብላክበርን ኦሊምፒክ የተባለ፣ ሸማኔዎችና የብረት ማቅለጫ ሠራተኞች ያሉበት ቡድን፣ የኢተን ትምህርት ቤት ምሩቃንን 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወደ ሰሜን ወሰደው። ለፍጻሜው ለመዘጋጀት ቡድኑ በባሕር ዳርቻዋ ብላክፑል ሰንብቶ ነበር፤ ወጪውን የሸፈነው ደግሞ የብረት ማቅለጫ ባለቤት ነው። ከዚያ በኋላ ዋንጫው ወደ ባለጸጎቹ ቡድኖች ተመልሶ አያውቅም።

ሸማኔው ኳስ የሚጫወትበትን ጊዜ ከየት አገኘው? የዚህ መልስ የማንም ኮከብ ተጫዋች ችሎታ ሳይሆን የፋብሪካ ሕግ ነው። በ1850 የወጣው ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሥራ እንዲያቆሙ አዘዘ፤ ያለ እነርሱ ማሽኖቹን ማንቀሳቀስ ስለማይቻል ወንዶቹም አብረው መውጣት ጀመሩ። ዛሬም ድረስ የእንግሊዝ ባህላዊ የጨዋታ ሰዓት ቅዳሜ 9 ሰዓት የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በነፃው ከሰዓት ላይ ከቀለብና ከቤት ኪራይ የሚተርፍ ጥቂት ደመወዝ ሲጨመርበት የመግቢያ ገንዘብ የሚከፍል ተመልካች ተፈጠረ። ከተማ ከከተማ የሚያገናኘው የባቡር ሐዲድም ቀድሞ ተዘርግቶ ነበር፤ በሚያዝያ 1888 በዚሁ ማንችስተር፣ በሮያል ሆቴል የተመሠረተው የእግር ኳስ ሊግ 12 አባል ክለቦቹ በሙሉ ከሰሜንና ከመካከለኛው እንግሊዝ የኢንዱስትሪ ከተሞች መሆናቸው የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም።

ክለቦቹም ቢሆኑ ከሥራ ቦታ የወጡ ናቸው። ማንችስተር ዩናይትድ በ1878 በኒውተን ሂዝ የባቡር ሠራተኞች፣ አርሰናል በ1886 በዉልዊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ተመሠረቱ፤ በዌስትሃም ዓርማ ላይ የተጣመሩት መዶሻዎችም የመርከብ ሠሪዎች መዶሻ ናቸው። መብራት ኃይልና ሙገር ሲሚንቶ ሲጫወቱ እያየን ላደግን ሰዎች ይህ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም።

ደመወዝ ለመቀበል ግን ትግል አስፈልጓል። ለተጫዋች መክፈል የተፈቀደው በ1885 ነው፤ በ1901 ደግሞ በሳምንት ከ4 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈል ጣሪያ ተበጀለት፣ የደመወዝ ጣሪያው ጨርሶ የተነሣውም በ1961 ነው። በሙዚየሙ የክብር መዝገብ በ2003 የገባው፣ በአክራ የተወለደው የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል ተጫዋች አርተር ዋርተን፣ ኳስ ካቆመ በኋላ በድንጋይ ከሰል ማውጫ ሲሠራ ኖሮ በ1930 ማረፉን ልብ ይሏል።

ሙዚየሙን በተለይ የማመሰግንበት ነገር በ2019 ያቆመው የሊሊ ፓር ሐውልት ነው። ፓር የተጫወተችበት ዲክ ከር የተባለው ቡድን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፕሬስተን ጥይት ይመረትበት ከነበረ ፋብሪካ በወጡ ሴቶች የተቋቋመ ሲሆን፣ ለበጎ አድራጎት ባደረገው ጨዋታ በታኅሣሥ 1920 በሊቨርፑሉ ጉዲሰን ፓርክ 53,000 ያህል ተመልካች ሰብስቦ ነበር። በዓመቱ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴት አይገባም ብሎ የአባል ክለቦቹን ሜዳዎች ዘጋባቸው፤ እገዳው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆየ። ወንዶቹን ወደ ሜዳ ያወጣው የፋብሪካ ሕይወት ሴቶቹንም አውጥቶ ነበር፤ ወደ ቤት የመለሳቸው የማኅበሩ ሹማምንት ውሳኔ እንጂ የተመልካች ማጣት አልነበረም።

ዕቃዎቹ ይህን ታሪክ በሙሉ ራሳቸው ይናገራሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም። የቅዳሜውን ከሰዓት ታሪክ ሳያውቅ የገባ ሰው ውብ የዋንጫና የማሊያ ስብስብ አይቶ ይወጣል፤ ያ ብቻ ከሆነ ዋጋው ሊከብደው ይችላል። የራግቢ ታሪክም፣ የሰሜን ክለቦች ለሠራተኛ ተጫዋቾች የጎደለባቸውን የቀን ደመወዝ እንካስ ብለው በ1895 በሃደርስፊልድ ከራግቢ ማኅበሩ የተገነጠሉበት ማለት ነው፣ ከሙዚየሙ ርዕስ ውጭ ስለሆነ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። ፍጹም ቅጣት ምት ለመሞከር የሚጓጓ ልጅ ያለው ቤተሰብ ግን በደስታ ይወጣል።

ግማሽ ቀን የተረፈው ጎብኚ በትራም ወደ ሳልፎርድ ተሻግሮ፣ ዘ ላውሪ በተባለው የጥበብ ማዕከል ኤል ኤስ ላውሪ በ1953 የሳለውን የቦልተን ስታዲየም ሥዕል ቢያይ እመክራለሁ፤ ወደ ጨዋታው የሚጎርፈው ሕዝብና የፋብሪካዎቹ ጭስ ማውጫዎች በአንድ ሸራ ላይ ይታያሉ። ማዕከሉ ሥዕሉን በ2022 በ7.8 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶታል። አንዳንዴ ለሌሎች ማሳያዎች ስለሚዋስ በዕለቱ ተሰቅሎ እንደሆነ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይበጃል።