ኢማቲኒብ 400 ሚሊግራም፦ ሰባት ዓመት በቤታችን የቆየ መድኃኒት

ታላቅ ወንድሜ በ2011 ዓ.ም. የአጨዳ ወራት ላይ ሁለት ጉርሻ ሲጎርስ ጠገብኩ እያለ ከገበታ መነሣት ጀመረ። ማጭድ ይዞ ማጎንበስ አቃተው፤ በግራ ጎኑ፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር፣ በእጅ የሚዳሰስ ጠጣር ነገር ነበር፤ ሌሊት ሌሊት የሚያልበው ላብ ጋቢውን ያረጥበዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ጣፊያው አብጧል፣ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወባ ይዞት ይሆናል አለ። ያየው አንድ የግል ክሊኒክም በተለያየ ጊዜ ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኘው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ደሙን ሙሉ ቆጠራ አላደረገለትም። በመጨረሻ ወደ ደብረ ማርቆስ አምጥቼው ደሙ ሲቆጠር፣ በአንድ ማይክሮሊትር ከ4,000 እስከ 11,000 መሆን የሚገባው የነጭ ደም ሴል ቁጥር 240,000 ሆኖ ተገኘ። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ስሕተት መስሏት ደግማ ቆጠረችው። በሽታው ሲ ኤም ኤል የሚባለው ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ሲሆን፣ ከዚያ ዓመት ጥር ወር ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚወስደው መድኃኒት ኢማቲኒብ ነው። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ይህን መድኃኒት በሞለኪውሉም፣ ሰው ቤት ውስጥ ሲዋጥም ቀርቤ ስላየሁት፣ ለሌላ ቤተሰብ ይጠቅም እንደሆነ ያየሁትን መጻፍ ግዴታዬ ሆኖ ተሰምቶኛል።

ኢማቲኒብ ከመጀመሩ በፊት ለጥቂት ሳምንታት የተሰጠው ሃይድሮክሲዩሪያ ነበር። ይህ ውህድ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1869 ጀርመን ውስጥ የተሠራ፣ ዛሬም ለሌላው የደም ሕመም፣ ማለትም ሲክል ሴል ለሚባለው የቀይ ደም ሴል በሽታ የሚታዘዝ ነው። የሴሎቹን ቁጥር ፈጥኖ ያወርዳል፤ የበሽታውን ምንጭ ግን አይነካም። የሚከፋፈል ሴል ሁሉ ላይ ያርፋልና ጤነኛውንና ታማሚውን አይለይም። የኢማቲኒብ ብልጫ የሚታየው ከዚህ ጎን ሲቀመጥ ነው።

የመድኃኒቱ ታሪክ የሚጀምረው በሽታውን ከማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በፊላደልፊያ ከተማ በዚህ በሽታ የተያዙ ሰዎች የደም ሴል ውስጥ ከወትሮው ያጠረ አንድ ክሮሞሶም፣ ማለትም የዘር መረጃ የሚሸከም ክር፣ አዩ፤ በ1973 ደግሞ ጃኔት ራውሊ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ተለዋውጠው እንደሆነ አሳየች። ከዚህ መለዋወጥ ቢ ሲ አር ኤ ቢ ኤል የተባለ፣ በጤነኛ ሰው ውስጥ የሌለ ፕሮቲን ይወለዳል፤ እርሱም ኤ ቲ ፒ የተባለውን የሴል ጉልበት እየተቀበለ ለመቅኔ ሴሎች ተባዙ የሚል ትእዛዝ ያለ ዕረፍት ያስተላልፋል። ተማሪዎቼን ሳስረዳ ወፍጮ እጠቅሳለሁ። ኤ ቲ ፒ እህሉ ነው፣ ፕሮቲኑ ድንጋዩ ነው፣ ኢማቲኒብ ደግሞ እህሉ በሚገባበት አፍ ላይ የሚቀመጥ ውታፍ ነው፤ ወፍጮው አልተሰበረም፣ የሚፈጨው ግን አጣ።

ውታፉ ልክ የሆነው በዕድል አይደለም፤ እኔ በበኩሌ ይህን ክፍል ባስተማርኩ ቁጥር ይደንቀኛል። ሲባ ጋይጊ በተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ኒኮላስ ላይደንና ኬሚስቱ ዩርግ ዚመርማን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሥራቸውን የጀመሩት ፊኒል አሚኖ ፒሪሚዲን ከተባለ ተራ ውህድ ነው። መነሻው ውህድ የሚያግደው የሚፈለገውን ፕሮቲን ሳይሆን ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ነበር። በአንድ በኩል የቤንዛማይድ ቡድን ሲጨመርበት ታይሮሲን ካይኔዝ የሚባሉትን፣ ማለትም ቢ ሲ አር ኤ ቢ ኤል ያለበትን ወገን ማገድ ጀመረ። ቀጥሎ አንድ ሜቲል፣ አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር ማለት ነው፣ በትክክለኛው ቦታ ሲተከልበት የቀድሞውን ኢንዛይም ማገዱን ፈጽሞ ተወ፤ ያቺ ትንሽ ጭማሪ ሞለኪውሉን ጠምዝዛ ከማይፈለገው ቁልፍ ቀዳዳ አስወጣችው። ይህ ሁሉ ሆኖም ውህዱ በውሃ ስለማይሟሟ ቢዋጥ ከአንጀት ወደ ደም መግባቱ አጠራጣሪ ነበር፤ ሜቲል ፓይፐራዚን የተባለ ጅራት ሲቀጠልለት ሟሟ። በመጨረሻ የተገኘው 29 ካርቦን፣ 31 ሃይድሮጅን፣ 7 ናይትሮጅንና 1 ኦክስጅን ያለው ሞለኪውል፣ በአፍ ተውጦ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ወደ ደም የሚገባ፣ ግማሹ ከደም ለመውጣት 18 ሰዓት ያህል የሚወስድበት ሆነ። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጠውም ስለዚህ ነው። ወንድሜ ማታ ማታ ብርጭቆውን አንሥቶ ሲውጠው ስመለከት ያቺ ሜቲልና ያ ጅራት ትዝ ይሉኛል።

ውህዱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላም ወደ ሰው ለመድረስ ጊዜ ወስዷል። የበሽታው ታማሚ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ኩባንያው ወጪውን አይመልስም ብሎ ያመነታ ነበር፤ የኦሪገኑ ሐኪም ብራያን ድሩከር ባይወተውትና በኋላም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መድኃኒቱ በብዛት እንዲመረት በፊርማቸው ባይጠይቁ ኖሮ ይዘገይ ነበር ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው ታማሚ ኪኒኑን የዋጠው እ.ኤ.አ. በ1998 ሰኔ ነው። በዚያ የመጀመሪያ ሙከራ 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ሰዎች የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤነኛው ልክ ተመለሰ፤ በግንቦት 2001 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ግሊቬክ በሚል የንግድ ስም ፈቀደው። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ትልቅ ጥናት በኢማቲኒብ ሕክምና ከጀመሩት ሰዎች 83 በመቶ ያህሉ ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ።

በእኛ ቤት የታየውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሕክምናው በተጀመረ በስድስተኛው ሳምንት የነጭ ደም ሴሉ ቁጥር 7,800 ደረሰ፤ ለትንሣኤ ወንድሜ ከገበታ የተነሣው ከልጆቹ ኋላ ነው። ቀበቶውን ወደ ድሮው ቀዳዳ ሲመልስ፣ «እይ እንጂ፣ ጎኔ ለቀቀኝ» ያለኝን አልረሳም። በክረምቱ ራሱ ጠምዶ አረሰ።

መድኃኒቱ ግን ያለ ዋጋ አይደለም። ጠዋት ሲነሣ ዐይኑ ዙሪያውን ያብጣል፤ በመጀመሪያው ዓመት ያየው ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ያደረ ይመስለው ነበር። ሌሊት ባቱ ይይዘዋል፤ ሚስቱ ተነሥታ እግሩን ሳብ አድርጋ ካላሸችው አይለቀውም። ማቅለሽለሹ ከባድ የነበረው ባዶ ሆድ በዋጠው ጊዜ ብቻ ነው፤ ይህም ያለ አግባብ የመጣ ሥቃይ ነበር። መጀመሪያ ኪኒኑን ያስረከበን መድኃኒት ቤት ከምግብ ጋር፣ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ መወሰድ እንዳለበት ሳይነግረን ፌስታሉን አቀብሎን ቀጣዩን ሰው ጠራ። ለሁለት ሳምንት ጠዋት በባዶ ሆዱ እየዋጠ እያስመለሰው መድኃኒቱ አልተስማማኝም ብሎ ሊተወው ደርሶ ነበር። በእሽጉ ውስጥ ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ አንብቤ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ እንግሊዝኛ የሚያነብ ወንድም የሌለው ገበሬ ምን ሊያደርግ ነው? ይህ የሞለኪውሉ ጉድለት አይደለም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ቢነገር የሚቀር ነው።

ከምግብ ጋር የሚለው ትእዛዝ በእኛ አገር ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ወንድሜ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ነው፤ ጠዋት ብላና ዋጥ ቢባል አይሆንለትም። ሐኪሙን ስንጠይቀው ዋናው ነገር በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ከጥጋብ ጋር መሆኑ እንጂ ጠዋት መሆኑ እንዳልሆነ ነገረን፤ ስለዚህ ጾምም ሆነ ፍስክ፣ ዓመቱን ሙሉ ማታ አንድ ሰዓት ከራት ጋር እንዲሆን ተስማማን። የንስሐ አባቱም አወቁት፣ ደግ አደረግህ አሉት። ሚስቱ እሽጉን በሙዳይ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ ሽሮው ወጥቶ እንጀራው ሲጋመስ ትንሹ ልጅ ሙዳዩን አምጥቶ አንዱን ኪኒን ራሱ ነቅሎ ያቀብለዋል፣ ብርጭቆው እስኪጨረስም ቆሞ ያያል። ቤት ውስጥ የተገኘው ምርጥ ዘዴ ይህ ነው፤ ልጁ ረስቶ አያውቅም።

ረስቶ አያውቅም የምለው ነገሩ ቀላል ስላልሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ለንደን ውስጥ ለዓመታት ኢማቲኒብ በወሰዱ 87 ሰዎች ላይ የወጣ ጥናት፣ ከታዘዘላቸው ኪኒን ከ90 በመቶ በላይ የወሰዱት ጥሩ የሚባለውን ውጤት የማግኘት ዕድላቸው 94.5 በመቶ ሲሆን፣ ከዚያ በታች የወሰዱት ግን 28.4 በመቶ ብቻ እንደነበር አሳይቷል። 90 በመቶ ማለት በወር ሦስት ኪኒን መዝለል ማለት ነው። ሕመም የማይሰማው፣ የሚያርስ፣ ሰርግ የሚሄድ ሰው በወር ሦስት ቀን መርሳቱ ምን ይገርማል? ወንድሜም በሁለተኛው ዓመት ለሁለት ሱባኤ ጠበል ሲገባ መድኃኒቱን ቤት ትቶ ሄደ። ጠበሉን ያጠምቁ የነበሩት አባት ጉዳዩን ሲሰሙ ተቆጥተው፣ «መድኃኒቱን ማን የሰጠህ ይመስልሃል? ሂድና አምጣ» ብለው መለሱት። ነገር ግን አሥራ አንድ ቀን አልፎ ነበር፤ ከዚያ ቀጥሎ የተደረገው ምርመራም የቢ ሲ አር ኤ ቢ ኤሉን መጠን ከ0.2 ወደ 0.9 በመቶ ከፍ ብሎ አገኘው። ወደ 0.1 በመቶ ለማውረድ ስምንት ወር ፈጀ።

የሚያሳዝነኝ ሰው በራሱ ቸልተኝነት ሳይሆን በመንገድ ምክንያት የሚዘልለው ነው። መድኃኒቱን የምናመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ዓባይን ወርዶ መውጣት አለበት። መንገዱ በተዘጋባቸው ወራት አንድ ጊዜ አራት ኪኒን ቀርቶን ሳለ አውቶቡስ የሚባል ነገር ጠፋ፤ የዚያን ጊዜ ያገኘነው በሰው በሰው ተቀባብሎ በመጣ እሽግ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጋችን 15 ኪኒን ሲቀር ጉዞ መጀመር ሆኗል።

ሌላው ጉድለት ምርመራው ነው። የደም ቆጠራ እዚሁ ይሠራል፤ መድኃኒቱ በእርግጥ እየሠራ መሆኑን የሚናገረው ግን የቢ ሲ አር ኤ ቢ ኤሉን መጠን የሚለካው ምርመራ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት በየሦስት ወሩ መደረግ ነበረበት። በሦስተኛው ወር ከ10 በመቶ በታች፣ በስድስተኛው ከ1 በመቶ በታች፣ በዓመቱ ከ0.1 በመቶ በታች ካልሆነ ሐኪሙ ምክንያቱን መፈለግ አለበት፤ ፕሮቲኑ ቅርጹን ቀይሮ ውታፉን አልቀበልም ሊል ይችላልና። እንዲያ ሲሆን ዳሳቲኒብ፣ ኒሎቲኒብ፣ እነዚህም ካልረዱ ፖናቲኒብ የተባሉ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ለእኛ በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ ይህን ምርመራ ማድረግ ጭንቅ ነው። ይሁን እንጂ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የምናውቀው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ የራሱ የሆነ ካርትሪጅ፣ ማለትም ናሙናው የሚገባበት መመርመሪያ፣ ከተገዛለት ይህንኑ መለካት ይችላል። መሣሪያው ባለበት ሆስፒታል ሁሉ ካርትሪጁ እንዲገባ መጠየቅ ያለብን ይመስለኛል፤ ስንት ሰው ከዓባይ ማዶ ከመመላለስ ይድን ነበር።

ስለ ዋጋ ባልናገር ግምገማው ጎዶሎ ይሆናል። መድኃኒቱ በወጣበት ዓመት በአሜሪካ የዓመት ዋጋው ወደ 30,000 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ90,000 ዶላር በላይ ሆኗል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2013 የኩባንያውን የፓተንት ጥያቄ ውድቅ ማድረጉ የሕንድ ፋብሪካዎች በርካሽ መሥራታቸውን እንዲቀጥሉ አደረገ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገባው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ኩባንያው ማክስ ፋውንዴሽን ከተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ለደሃ አገሮች ታማሚዎች በነፃ ሲሰጥ፣ በኢትዮጵያ ብዙዎች የዳኑት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ነው። ወንድሜ ሁለቱንም ወስዷል፤ ዋናውን ብርቱካናማ ኪኒንም፣ የሕንዱንም። በደም ቆጠራው ያየሁት ልዩነት የለም፤ የዐይኑ እብጠት እንኳ ያው ነው። ስለዚህ በስሙ ሌላ፣ በቀለሙ ሌላ ስለሆነ ብቻ ተጠራጥሮ የሚያቋርጥ ካለ፣ በካርቶኑ ላይ ኢማቲኒብ የሚለውን ስምና የሚሊግራሙን ልክ አይቶ፣ ጥርጣሬውን ለሐኪሙ ነግሮ፣ መውሰዱን እንዲቀጥል እለምናለሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴት ይህን መድኃኒት ስትወስድ ማርገዝ ስለሌለባት፣ አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር መመካከር አለባት። ኪኒኑን መዋጥ ለሚከብደው ሰው ደግሞ በብርጭቆ ውሃ አሟሙቶ ወዲያው መጠጣት ይፈቀዳል፤ እናታችን ሰው ሲጠይቃት መጀመሪያ የምትናገረው ይህን ነው።

ትናንት ማታ ሙዳዩ ውስጥ 17 ኪኒን ነበር። ከነገ ወዲያ አሥራ አንድ ሰዓት ሌሊት እኔ ራሴ መናኸሪያ እወርዳለሁ፤ ወንድሜ ጤፉን እየወቃ ነው።