አንድ ድንኳን ለሁለት ቤት የማይሰጥ ዳታቤዝ

የሰፈራችን እድር ሁለት ድንኳን አለው። አምና ጥር ላይ አንደኛው ለሠርግ ተከራየ። በዚያው ቀን ደግሞ ለለቅሶ ቤት ተመዝግቦ ተገኘ። ሁለት ሰዎች በሁለት ስልክ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መዝግበውት ነው። ሰው ሞቶባቸው የተቀመጡ ጎረቤቶቻችን ድንኳን ፍለጋ ሌላ ሰፈር ሄዱ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኮዴ መጀመሪያ «ነጻ ነው ወይ?» ይላል፣ ከዚያ ይመዘግባል። ሁለቱም ሳይመዘግቡ ስለጠየቁ ሁለቱም «አዎ» ተባሉ።

ከዚያ ወዲህ መዝገቡን ፖስትግሬስ ወደሚባል ዳታቤዝ (መረጃ በሠንጠረዥ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም) አዛውሬዋለሁ። ስምንት ወር ሆነኝ። በጣም ነው የወደድኩት፤ ደንቡን የሚጠብቀው የእኔ ኮድ ሳይሆን ዳታቤዙ ራሱ ነውና። ከ9.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ «ኤክስክሉድ» የሚባል ኮንስትሬይንት፣ ማለትም ዳታቤዙ የማያስጥሰው ደንብ፣ አለው። «ድንኳኑ አንድ ሆኖ ቀኑ የሚደራረብ ሁለት መዝገብ አይኑር» ትለዋለህ፣ በቃ። ሁለት ስልክ ጎን ለጎን ይዤ እኩል ተጫንኩ። አንዱ ገባ፣ ሌላው ተመለሰ። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ አልተሳሳተም። ቀድመህ ቢትሪ ጂስት የሚባለውን ተጨማሪ መጫን አለብህ፤ ይህን ባለማወቄ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ።

የሚጎድለውም አለ። «ቼክ» የሚባለው ሌላው ኮንስትሬይንት የሚያየው የሚመዘገበውን አንድ ረድፍ ብቻ ነው። «ለሟች ቤተሰብ የሚከፈለው በካዝና ካለው አይብለጥ» ለማለት አይበቃም። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ቋንቋ) ስታንዳርድ ለዚህ «አሰርሽን» የሚባል ትእዛዝ ደንግጎ ነበር፤ ፖስትግሬስ ግን እስካሁን አልሠራውም። ስለዚህ በትሪገር፣ ማለትም መዝገብ ሲገባ በራሱ በሚሠራ ኮድ፣ ጻፍኩት፤ ረጅም ነው፣ ለስህተትም ያጋልጣል። ሌላም ልብ በሉ፦ «መዋጮው ከዜሮ ይብለጥ» የሚል ቼክ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ዝም ብሎ ያሳልፋል። «ኖት ነል» (ባዶ አይሁን) የሚለውን መጨመር ግድ ነው።

የኮንስትሬይንቱን ስም በአማርኛ መጻፍ መቻሉ ደግሞ በጣም ጠቅሞኛል። ስም የሚይዘው እስከ 63 ባይት ነው፤ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚወስድ ቢበዛ 21 ፊደል ይገባል። እኔ «ድንኳኑ በዚህ ቀን ተይዟል» ብዬ ሰየምኩት፤ ፕሮግራሙም ያንኑ ስም ያሳያል። ባለፈው ሳምንት የእድሩ ጸሐፊ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩ ላይ አነበቡትና፣ «እንግዲያው ሁለተኛውን ስጣቸው» አሉኝ።