የውሻ ጫማ ለተራራ፦ የትኛው ያዋጣል?

ውሻ ያላቸው ጓደኞቼ ተራራ ልንወጣ ባሰብን ቁጥር ይጠይቁኛል፤ «የትኛውን ጫማ ልግዛለት?» መልሴ አይለወጥም። መንገዱ ድንጋያማ ከሆነ ራፍዌር የሚባለው ኩባንያ የሚሠራውን ግሪፕ ትሬክስ የተባለ ጫማ ግዙ። ዋጋው ያስደነግጣል፣ አውቃለሁ። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ አራቱም በአንድ ቁጥር ታሽገው ነው የሚሸጡት። የብዙ ውሾች የፊት መዳፍ ደግሞ ከኋላው ይሰፋል። ስለዚህ ወይ የፊቱ ይጠባል፣ ወይ የኋላው ወልቆ ገደል ይገባል። አንዱ ከጠፋ ሙሉውን እንደገና መግዛት ነው። ግሪፕ ትሬክስ በጥንድ ይሸጣል። የፊቱንና የኋላውን በየቁጥሩ ትገዛላችሁ፤ ሲያልቅም ያለቀውን ጥንድ ብቻ ትተካላችሁ። ገንዘብ ካጠረ ከፊቱ ጥንድ ጀምሩ። ውሻ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚጥለው በፊት እግሮቹ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ፎርጅዱ ነው። ፎቶው ላይ ቁርጥ ኦሪጅናሉን ይመስላል። ሶሉ ግን በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ ነው። ውኃ ጠጥቶ ፀሐይ ሲመታው በጣት በኩል አፉን ይከፍታል። እንደዚህ ያሉትን ደጋግሜ ለጥፌአለሁ፤ አይይዝም። ጫማ ሰፊ ጋ ቢሄድም የክሩ ቋጠሮ ወደ ውስጥ ይገባና መዳፉን ይልጠዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ሶሉን አጥፉት፣ ጠርዙን በጥፍራችሁ ሞክሩት። ከተላቀቀ መልሱት።

ሁለተኛ ምርጫዬ የበረዶ ጋሪ የሚጎትቱ ውሾች የሚያደርጉት ቀላል የጨርቅ ጫማ ነው። በነጠላ ይሸጣል፣ ዋጋውም ከፎርጅዱ አይብስም። ግን ቶሎ ያልቃል። የአላስካው የውሻ ጋሪ ውድድር፣ ኢዲታሮድ፣ ለእያንዳንዱ ውሻ 8 ጫማ እንዲያዝ የሚያስገድደው ያለ ምክንያት አይደለም። ለአፈርና ለሣር መንገድ ይበቃል፤ ስለታም ድንጋይ ላይ ይበሳል። እኔ ለመጠባበቂያ ቦርሳዬ ውስጥ አላጣውም።

ፓውዝ የሚባለውን፣ እንደ ፊኛ የሚለጠጠውን የጎማ ጫማ ለተራራ አታስቡት። 12ቱ በአንድ ጥቅል ስለሚመጣ ርካሽ ይመስላል፤ ድንጋይ ግን ወዲያው ይቀደዋል። አየርም አያስገባም፣ ውሻ ደግሞ በመዳፉ ያልበዋል።

የቱንም ብትገዙ መጀመሪያ ጥፍሩን ቁረጡ። ከዚያ መዳፉን ወረቀት ላይ አስቁሙና ሌላኛውን እግሩን አንሡ፤ ክብደቱ ሲያርፍበት መዳፉ ይሰፋልና ያኔ ለኩት። ልኩ በሁለት ቁጥር መሃል ከወደቀ ትንሹን ውሰዱ፤ ሰፊ ጫማ ይሽከረከራል፣ ቆዳም ይልጣል። ባረፋችሁ ቁጥር አውልቁለት፣ መዳፉ ይድረቅ፤ ከፍ ብሎ ያለውን ትንሿን ጥፍር ዙሪያዋን እዩ፤ መላጥ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።