ስታዲየም አካባቢ ከምትገኝ የስፓይክ ጫማ ሱቅ የገዛሁት ጫማ

በዩኒቨርሲቲያችን የአትሌቲክስ ቡድን ውስጥ 1,500 ሜትር እሮጣለሁ። ለዘንድሮው ውድድር ዝግጅት ስንጀምር አሠልጣኛችን እያንዳንዳችን የራሳችን ስፓይክ፣ ማለትም ከሶሉ ሥር ሹል ብረቶች ያሉት የመሮጫ ጫማ፣ እንዲኖረን ስላሳሰቡን፣ ስታዲየም አካባቢ ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ገዛሁ። በአብዛኛው የምትሸጠው ያገለገለ ጫማ ነው።

ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ የገዛሁት ጫማ ቁጥሩ ልኬ ስለሆነ ብቻ የተሸጠልኝ ነበር። ሶሉ እንደ ሳንቃ የማይታጠፍ የአጭር ርቀት ጫማ መሆኑን ያወቅሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ባቴ ደረጃ መውረድ እስኪከለክለኝ ድረስ ሲያመኝ ነው። እዚህ ግን ባለሱቁ ቁጥሬን ከመጠየቃቸው በፊት፣ «ስንት ሜትር ነው የምትሮጪው ልጄ? መም ላይ ነው ወይስ አፈር ላይ?» አሉኝ። አብዛኛውን ልምምድ ጃንሜዳ፣ ውድድሩን ግን መም (የስታዲየም መሮጫ ትራክ) ላይ እንደምንሮጥ ስነግራቸው፣ ዓይኔ ያረፈበትን ቀይ ጫማ መልሰው ሰቀሉትና ተረከዙ ላይ ስስ ስፖንጅ ያለው ሌላ አወረዱልኝ። ሦስት ዙር ከሦስት አራተኛ ለሚሮጥ ሰው፣ በመጨረሻው ዙር እግር ሲዝል ተረከዝ መሬት መንካቱ ስለማይቀር፣ ምርጫቸው ትክክል ነበር።

ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ፍተሻቸው ነው። ሹል ብረቶቹን በትንሿ ቁልፍ አንድ በአንድ ፈትተው፣ ቀዳዳውን እፍ ብለው፣ አዲስ ብረት በጣታቸው እያሰሩ የውስጡ ጥርስ መበላት አለመበላቱን አረጋገጡ። አንዱ ቀዳዳ ላይ ብረቱ ዝም ብሎ ሲዞር ያንን ጥንድ ከነጭራሹ ከመደርደሪያው አነሱት። ለሰው ሠራሽ መም ከ9 ሚሊሜትር የሚበልጥ ብረት በ1,500 ሜትር ስለማይፈቀድ አጫጭሮቹን ሰጡኝ፤ ለጃንሜዳ አፈር ደግሞ ረዘም ያሉትን ለብቻ ጨመሩልኝ።

ጉድለት የለባትም ማለት አልችልም። ከጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በመም ውድድር የሚፈቀደው የሶል ውፍረት በሁሉም ርቀት 20 ሚሊሜትር ሆኗል፤ ቀደም ሲል ለ800 ሜትርና ከዚያ በላይ 25 ይፈቀድ ስለነበር፣ ካገለገሉ ጫማዎች መካከል አሁን ከውድድር የሚያሰርዙ አሉ። ባለሱቁ ይህን ለውጥ አልሰሙም ነበር። ስነግራቸው ግን ሳይከራከሩ ወፍራሞቹን ለይተው «ለልምምድ ብቻ» ብለው አስቀመጧቸው፤ ቢሆንም ገዢው የጫማውን ሞዴል አስቀድሞ ቢያጣራ ይሻላል።

ዋጋ አልተለጠፈም፤ 4,800 ብር ተጠይቄ በ4,200 ተስማማሁ። የተሸጠ ጫማ አይመለስም፤ ስለዚህ በውድድር የምታደርጉትን ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከልምምድ በኋላ እግር ትንሽ ስለሚያብጥም ያኔ መለካት ይበጃል። እኔ ስፓይኩን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ አደርገዋለሁ፤ ባቴም እስካሁን አላመመኝም።