አርባ አራት ጥርስ፦ አሮጌ ኮሮላዬ ላይ ያስገጠምኩት ኤቢኤስ ከዘጠኝ ወር በኋላ

መጀመሪያ ዕቃውን ለሸጠልኝ ሰው አንድ ነገር ልበል። ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው መሣሪያ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ቀስ ብለሽ ትራፊክ መብራት ጋ ስትቆሚ አይንቀጠቀጥም። አንተ ግን «ባህሪው ነው እህቴ፣ ትለምጂዋለሽ» አልከኝ። አምስት ወር ሙሉ ልለምደው ታገልኩ። ባህሪው አልነበረም።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1999 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት። ፍሬኗ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ነው። ስገዛት ኤቢኤስ አልነበራትም። አሥራ አንድ ዓመት ነዳኋት፤ ሞተሯም ካምቢዮዋም እስካሁን ደህና ነው። «ለምን ሸጠሽ ሻል ያለ አትገዢም?» የሚለኝ ብዙ ነው። በምን ብር? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተባለ። ስለዚህ በእጄ ያለችውን ማሻሻል ነበረብኝ።

ወደዚህ ነገር የገባሁት አምና ነሐሴ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ እየወረድኩ ነበር። ዝናቡ ገና አባርቶ አስፋልቱ ያብረቀርቃል። ከፊቴ ያለው ሚኒባስ ተሳፋሪ አይቶ በድንገት ቆመ። ፍሬን ረገጥኩ። ጎማዎቹ ቆሙ፤ መኪናዋ ግን መንሸራተቷን ቀጠለች። መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ እሷ ግን ቀጥ ብላ ወደ ሚኒባሱ ሄደች። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ስንቆም በእኛና በሚኒባሱ መካከል አንድ ስንዝር ቢኖር ነው። ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። የመሪው አለመታዘዝ ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

መሪው ያልታዘዘበት ምክንያት ቀላል ነው። የተቆለፈ ጎማ ይንሸራተታል እንጂ አይንከባለልም፤ የማይንከባለል ጎማ ደግሞ ወደ ዞረበት አይሄድም። ኤቢኤስ የሚያስቀረው ይህንን ነው። እያንዳንዱ ጎማ ጋ ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት አብሮ ይዞራል። አጠገቡ ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ያለው ሴንሰር ይቀመጣል። ጥርሶቹ ሲያልፉ ሴንሰሩ ምልክት ይልካል፤ ኮምፒዩተሩ ከዚያ የጎማውን ፍጥነት ያሰላል። አንዱ ጎማ ሊቆለፍ ሲል ቫልቩ የዚያን ጎማ ፍሬን ለቅጽበት ይለቅለታል፣ መልሶ ይይዘዋል፤ ይህንን በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ያደርጋል። ቦሽ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራውን ኤቢኤስ መርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የእኔ ኮሮላ ስትሠራ ቴክኖሎጂው ሃያ ዓመት ሞልቶት ነበር። አንዳንዷ ኮሮላ ይዛው ትወጣለች፣ አንዳንዷ አትይዝም። ስለዚህ ከእህቷ ላይ ነቅሎ ወደ እሷ ማዛወር ይቻላል።

መጀመሪያ የቀረበልኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ ጣት የምታክል ብረት አሳዩኝ። የፍሬን ቱቦው መሃል ትገባለች፣ ውስጧ ላስቲክ አለ፣ «ግፊቱን ትውጣለች፣ ኤቢኤስ ማለት ይቺው ናት» ተባልኩ። ሴንሰሩስ? የለም። ኮምፒዩተሩስ? አያስፈልግም። ታዲያ ጎማው መቆለፉን በምን ታውቃለች? መልስ አላገኘሁም። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ ኤቢኤስ እያሉ የሚሸጡትን ከሶ አስቁሟል። እባካችሁ በዚያች ብረት ሕይወታችሁን አታስይዙ።

እውነተኛውን ፍለጋ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድኩ። መካኒኬ፣ ጋሼ ነው የምለው፣ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ፦ ፓምፑ ከነቫልቮቹ፣ ኮምፒዩተሩ፣ አራት ሴንሰር፣ የሽቦው ጥቅል ሳይቆረጥ፣ የፍሬን ቱቦዎቹ፣ ሁለቱ የፊት አክስሎች (ጎማውን የሚያዞሩት ዘንጎች) ከነጥርስ ቀለበታቸው፣ ሴንሰር የሚሰካባቸው የፊትና የኋላ ጎማ መያዣዎች። ከታች ደግሞ በትልቁ «ሁሉም ከአንድ መኪና» ብሎ አሰመረበት። ሻጩ ወረቀቱን አነበበ። «ከአንድ መኪና ነው፣ ከዱባይ የመጣ፣ ማርያምን!» ብሎ ማለ። ከነእጅ ዋጋ 74,000 ብር ገደማ ወጣብኝ። ኅዳር ላይ ጋራዥ ገብታ አራት ቀን ቆየች። ቁልፍ ሲዞር የኤቢኤሱ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ ጠፋ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ለልጄ ጠርቼ አሳየኋት።

ደስታዬ ከአንድ ሳምንት አላለፈም። ጎተራ አካባቢ፣ ፀሐይ በሆነበት ቀን፣ እንደማንኛውም ሰው ቀስ ብዬ ስቆም ፔዳሉ እግሬ ሥር ተርገበገበ። ግርርር አለ። መኪናዋ ትንሽ ወደ ግራ ሳበች፤ ከጠበቅኩት ቦታም አንድ ሜትር ያህል አለፈች። እግረኛ ማቋረጫው ላይ የነበሩ አንዲት እናት ደንግጠው አዩኝ። አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ሁልጊዜ አይደለም፤ አንዳንዴ ብቻ። ለደኅንነት ብዬ ያስገባሁት ነገር ፍሬን መርገጥ እንድፈራ አደረገኝ።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ኤቢኤስ ይንቀጠቀጣል፣ ባህሪው ነው።» ዕቃውን የሚያውቀው ሰው እንዲህ ሲለኝ ራሴን ተጠራጠርኩ። ምናልባት እኔ ነኝ ያልለመድኩት አልኩ። ሌሎች ሰዎችንም ጠየቅኩ፤ እነሱም «አዎ ይርገበገባል» አሉኝ። እውነት ነው፣ ይርገበገባል፤ ግን ጎማ ሊቆለፍ ሲል ነው እንጂ ደረቅ መንገድ ላይ እንደ ሰው ስትቆሚ አይደለም። ይህንን ልዩነት ማንም አልነገረኝም። መብራቱም አልበራም። ሻጩ ይህን ቢያነብ «መብራቱ በርቷል እንዴ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። አልበራም! የሴንሰሩ ሽቦ ስላልተቆረጠ መብራት የሚያበራበት ምክንያት አልታየውም። ኮምፒዩተሩ በጎማዎች መካከል ትንሽ የፍጥነት ልዩነት ይታገሣል፤ አለዚያ ያረጀና አዲስ ጎማ በተቀላቀለ ቁጥር መብራት ሊያበራ ነው።

ሚያዝያ ላይ ጋሼን «በቃኝ፣ ንቀልልኝ» አልኩት። «ልጄ፣ አንዴ ልየው» አለ። መጀመሪያ ሁለቱን የፊት ሴንሰሮች በቴስተር ለካ። ኦማቸው (የኤሌክትሪክ መቋቋማቸው) እኩል ነው። ቀጥሎ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ቀየረና አብረን ወጣን። መኪናዋ አሁንም ወደ ግራ ትስባለች፤ ሴንሰሩ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ጎን ይቀይር ነበር። «ሴንሰሩ አይደለም» አለ። ተመለስን፣ ክሪክ ገባ፣ ጎማው ወጣ። ከዚያ ጋሼ ከኪሱ ነጭ ጠመኔ አወጣ።

ያችን ግማሽ ሰዓት አልረሳትም። የአክስሉን ቀለበት በጨርቅ ጠረገ። ግሪስና አቧራ የጋገረበት ነው። አንዱ ጥርስ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። እኔ አክስሉን በቀስታ አዞራለሁ፤ እሱ በመፍቻ ጫፍ እየነካ ይቆጥራል። የግራው 48። ደግመን ቆጠርን፣ 48። የቀኙ 44። «ተሳስተሃል ጋሼ» አልኩት። ደገምነው፣ 44። ሦስተኛ ጊዜ እኔ ራሴ ቆጠርኩ፤ ጣቴ ግሪስ ሆነ፣ መልሱ ግን ያው ነው። ጋሼ መፍቻውን መሬት አስቀምጦ ዝም አለ። ከዚያ «ይሄ የሌላ መኪና ነው» አለኝ።

ሒሳቡን እንይ። ኮምፒዩተሩ የሚጠብቀው 48 ጥርስ ነው። በ60 ስትነጂ 44 ጥርስ ያለው ጎማ በ55 የሚዞር ይመስለዋል። ፍሬን ስትይዢ የሁሉም ጎማ ፍጥነት ይቀንሳል፤ የቀኙ ግን ቀድሞም የቀነሰ ስለሚመስል «ሊቆለፍ ነው» ብሎ ይለቅለታል። የቀኙ ሲለቀቅ የግራው ብቻውን ይይዛል። መኪናዋ ወደ ግራ የምትስበው ለዚያ ነው። የምታልፈውም ለዚያ ነው። ኮምፒዩተሩ ሥራውን በትክክል ይሠራ ነበር፤ የተነገረው ነገር ነው ውሸቱ።

ሻጩ ጋ አክስሉን ተሸክሜ ሄድኩ። የመጀመሪያው አክስል ላስቲኩ ተቀዶ ስለነበር «ያው ነው» ብሎ ሌላ እንደሰጠኝ ያን ዕለት ነው ያመነው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ «ሰው ጥርስ ይቆጥራል እንዴ?» አዎ፣ ይቆጥራል። ልጅ ጭኖ የሚነዳ ሰው ይቆጥራል። ልኩ ስለገባና ጎማው ስለዞረ ብቻ አንድ ዕቃ «ያው» አይሆንም። ላስቲኩ የተቀደደውን ብትሰጠኝ ላስቲክ በጥቂት ብር አስቀይረው ነበር።

ትክክለኛውን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ 6,500 ብርም ጨመርኩ። እስከዚያ ጋሼ የኤቢኤሱን ፊውዝ ነቀለልኝ። ቢጫው መብራት እየበራ እንደ ድሮዋ ነዳኋት፤ ተራው ፍሬን ምንም አልሆነም። ይህንን ለማያውቅ ልንገር፦ ኤቢኤሱ ሲጠፋ ፍሬኑ አይጠፋም። አዲሱን አክስል ከመግዛቴ በፊት ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። 48። ተገጠመ፣ ፊውዙ ተመለሰ። ያኔ ያንኑ የጎተራ መብራት ጋ ስቆም ፔዳሉ ጸጥ አለ። ለካ ፍሬን እንዲህ ነው!

ሐምሌ ላይ ደግሞ የከፈልኩበትን አየሁ። ያው የሽሮ ሜዳ ቁልቁለት፣ ያው ዝናብ። ባጃጅ ከግራ ገባብኝ። እስከ መጨረሻው ረገጥኩ። ፔዳሉ እግሬን መታው፣ ከኮፈኑ ሥር ድምፅ ሰማሁ፤ አሁን ቦታው ነው። መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ መኪናዋ ወደ ቀኝ ሄደች። ባጃጁን አልፌ ዳር ያዝኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ መሪው ላይ ግንባሬን አስደግፌ ተመስገን አልኩ።

በዘጠኙ ወር ውስጥ ሌላው ነገር ሁሉ ደህና ነው። የፍሬን ዘይት አንዴ፣ የፊት የፍሬን ሸራ አንዴ ቀየርኩ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ኤቢኤስ ሁልጊዜ መቆሚያ አያሳጥርም። ሰፈራችን ያለው ልቅ ጠጠር ላይ እንዲያውም ትንሽ ይረዝማል፤ የተቆለፈ ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ ቆልሎ ይቆማል፣ የሚዞር ጎማ ግን አይቆልልም። እዚያ በቀስታ ነው የምነዳው።

ባሏ «80,000 ብር አሮጌ መኪና ላይ?» እንዳላት አንዲት ጓደኛዬ ነገረችኝ። እኔ ዛሬም ቢሆን አስገጥማለሁ። የሚቆጨኝ ያ አምስት ወር ነው፤ በራሴ ላይ ከመፍረድ መጀመሪያውኑ ጋሼን «ቁጠርልኝ» ማለት ነበረብኝ። ልታስገጥሙ ካሰባችሁ ዕቃው ሱቁ ውስጥ እያለ፣ ብሩ ኪሳችሁ ውስጥ እያለ ቁጠሩ፤ የግራውንም የቀኙንም።

ባለ 44ቱ አክስል አሁንም ፖርታ ባጋዤ ውስጥ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የጋሼ የጠመኔ ምልክት አልጠፋም። «ያው ነው» የሚለኝ ሰው ሲመጣ አወጣዋለሁ፣ አብረን እንቆጥራለን።